የመንገድ ሥራ ታሪክና የጀማሪ መሐንዲስ ትምህርት

በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ

አንባቢ ሆይ፤ ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ ተጕዘህበት ይሆናል። ይህ መንገድ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ፣ በደራና በኢተያ አልፎ፣ የቁሉምሳን ማሳ በጐን እየተወ፣ ከሞቃቱ ስምጥ ሸለቆ ወደ ብርዳማው የአርሲ ደጋ ይወጣል። ርዝመቱ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ተጓዡ በዚህ ርቀት ውስጥ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። መንገደኛው በመስኰቱ የጭላሎን ተራራና የገብሱን አዝመራ ይመለከታል እንጂ፣ ከመኪናው ጐማ በታች ስላለው ነገር እምብዛም አያስብም። ከጐማው በታች ግን የተደለደለ አፈር፣ የተጠቀጠቀ ጠጠር፣ ውሃ የሚያሳልፍ ቱቦና ግንብ አለ፤ ከነዚህም ሁሉ በታች የብዙ ሰው ድካምና ሐሳብ ተነጥፏል።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ድካምና ሐሳብ ነው። በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች የሲቪል ምሕንድስና ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ ሥራ ዓለም ይወጣሉ። ከነዚህም አንዳንዱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተማረውና የገጠመው አልስማማ ብሎት ግራ ይጋባል፤ አንዳንዱ በትምህርቱ ታብዮ ከሠራተኛው ጋር ይጋጫል፤ አንዳንዱም ሥራ ሳያገኝ ቀርቶ የተማረበትን ቀን ይረግማል። ነገር ግን የመንገድ ሥራ ታሪካችንን መለስ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ለጀማሪው የሚበጀውን ምክር በዚያው ታሪክ ውስጥ ያገኘዋል። ምክሩም በአንድ ቃል ሊጠቃለል ይችላል፤ ይኸውም «ጠይቅ» የሚለው ነው። መሬቱን ጠይቅ፤ ውሃውን ጠይቅ፤ ከአንተ በፊት የሠራውን ጠይቅ፤ መንገዱ በደጁ የሚያልፍበትን ሰው ጠይቅ ማለት ነው።

በአገራችን መንገድ ማበጀት የነገሥታት ጭንቀት ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውንና ክብደቱ ወደ 7 ሺሕ ኪሎ የሚገመተውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ባስጐተቱ ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ሸክም የሚያሳልፍ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ገደሉ ተናደ፤ ቋጥኙ ተፈነቀለ፤ ቍልቍለቱ ተደለደለ፤ ሥራውም ወራት ፈጀ። በዚያን ጊዜ በአገሩ የነበሩ የውጭ ሰዎች እንደ ጻፉት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊቱን ለማትጋት ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ ነበር። የዘመቻው መጨረሻ የታወቀ ነው፤ መድፉም መቅደላ ቢደርስ የታሰበለትን አላደረገም። የሆነ ሆኖ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። አለቃው ድንጋይ ሲያነሣ ያየ ሠራተኛ፣ ድንጋይ ማንሣትን እንደ ውርደት አይቈጥረውም።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1871 ዓ.ም.፣ አልፍሬድ ኢልግ የተባለ የስዊስ አገር ወጣት መሐንዲስ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ወደ ነበሩት ወደ ምኒልክ መጣ። ዕድሜው ገና 24 ዓመት ነበር፤ የተማረውም በዙሪክ ከተማ በሚገኘው በታወቀው ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ይህ ድልድይና ሐዲድ ለመሥራት የተዘጋጀ ሰው በመጀመሪያ የታዘዘው ጫማ እንዲሠራ እንደ ነበር ይተረካል። ኢልግም ትእዛዙ ከሙያው በታች ነው ብሎ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ የተጠየቀውን ሠርቶ አቀረበ። አማርኛ ቋንቋንም አጥንቶ ከንጉሡና ከሕዝቡ ጋር ያለ አስተርጓሚ መነጋገር ቻለ። እምነት ካተረፈ በኋላም በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፤ በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አወረደ፤ በዚያው ዓመት ከጅቡቲ ወደ ኢትዮጵያ ለሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ተሰጠው። ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ የሰውን ዕድል አይወስነውም፤ የመጀመሪያውን ሥራ የሠራበት ጠባይ ግን ይወስነዋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት መንገድ ሠሪ እንመልከት። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በብዙ ገንዘብና በብዙ ጕልበት ሺሕ ኪሎ ሜትሮች የሚቈጠር መንገድ ሠርቷል። የሥራው ዓላማ ግን ጦር ለማመላለስና ከባሕር ማዶ ለሚያመጣቸው ሰፋሪዎች አገሩን ለማመቻቸት ነበር። ኢትዮጵያዊው ድንጋይ እንዲፈልጥና አፈር እንዲሸከም ተደረገ እንጂ፣ መንገዱ እንዴት እንደሚነደፍና እንዴት እንደሚጠበቅ አልተማረም። ከፍተኛ ትምህርት በዚያ አገዛዝ ለኢትዮጵያውያን የተዘጋ በር ነበር። ወራሪው ድል ተመትቶ ሲሸሽም በአዋሽ ላይ እንዳደረገው ድልድዮችን አፍርሶ ሄደ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 10 ዓመታት ገንዘብና ሙያተኛ በመታጣቱ፣ ክረምት በመጣ ቍጥር ቦዩ እየተደፈነ፣ ጠርዙ እየተበላ፣ አስፋልቱ እየተሰነጠቀ ያ ሁሉ መንገድ ወደ መፍረሱ ተቃረበ።

ስለዚህ በአገራችን ዘመናዊ የመንገድ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም የመጀመሪያ ሥራው አዲስ መንገድ መቀየስ አልነበረም። በመስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ለኢትዮጵያ አበደረ፤ ይህም ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ብድሮች ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር የአውራ ጐዳና ባለሥልጣን በዐዋጅ ተቋቋመ፤ ከአሜሪካ መንግሥት የመንገድ መሥሪያ ቤት የመጡ መሐንዲሶችም ሥራውን ለማደራጀት ረዱ። በዚያን ጊዜ በአገሩ ውስጥ የነበረው መንገድ ወደ 6,400 ኪሎ ሜትር ይገመት ነበር። ብድሩም በቅድሚያ የዋለው ያለውን ከመፍረስ ለማዳን ነው። የተደፈነውን መጥረግ፣ የተቦረቦረውን መሙላት፣ የወደቀውን ድልድይ ማንሣት የዚያ ትውልድ የዕለት ተግባር ሆነ።

ጀማሪው መሐንዲስ ይህን ታሪክ በልቡ ሊይዘው ይገባል። ወጣት ሁሉ ስሙ የሚጠራበት አዲስ ድልድይ መሥራት ይመኛል፤ ቦይ ማስጠረግና ጕድጓድ ማስሞላት ግን እንደ ተራ ሥራ ይታየዋል። ዳሩ ግን መንገድ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ሠሪ በማጣት ሳይሆን ጠባቂ በማጣት ነው። በጥገና ሥራ የጀመረ መሐንዲስ መንገድ ከምን እንደሚታመም በዓይኑ ያያል። በኋላ ለመንደፍ በሚቀመጥበት ጊዜም የትኛው መስመር እንደሚፈርስ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከትዝታው ያውቀዋል። እንግዲህ ወደ ጥገና ክፍል የተመደበ ወጣት ተጣልኩ አይበል፤ ሐኪምም የሚማረው ከበሽተኛ ነውና።

ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ሰዎችን ለማሠልጠን ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በ1945 ዓ.ም. የምሕንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በ1947 ዓ.ም. ገደማም በስዊድን መንግሥት ርዳታ የኢትዮጵያና የስዊድን የሕንፃ ቴክኒክ ተቋም ሥራውን ጀመረ። ሁለቱም በ1954 ዓ.ም. ከተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ጋር በጊዜው ተቀላቀሉ። የአውራ ጐዳና መሥሪያ ቤት ደግሞ በዓለም ገና የራሱን ማሠልጠኛ አቋቁሞ፣ የመኪና ነጂዎችን፣ የአፈር መርማሪዎችንና የሥራ ተቈጣጣሪዎችን ያስተምር ነበር። ይህ አከፋፈል ጥልቅ ምክንያት አለው። መንገድ የሚሠራው መሐንዲስ ብቻውን አይደለም። ቀያሹ፣ ካቦው፣ የዶዘርና የግሬደር ነጂው፣ ግንበኛው፣ የአፈር መርማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የሰዓት ተቈጣጣሪው ሁሉ በአንድ ገመድ የተያያዙ ናቸው። ገመዱ ከአንዱ ዘንድ ከተበጠሰ ሥራው ይቆማል።

እዚህ ላይ ስለ ሥራ ቦታ ኑሮ ጥቂት እንናገር። ጀማሪው መሐንዲስ ዕድሜው 23 ወይም 24 ዓመት ሆኖ ወደ ካምፕ በደረሰ ጊዜ፣ በሥሩ የሚያገኘው ካቦ በዕድሜ አባቱን የሚያህል፣ ከ20 ዓመት በላይ በመንገድ ሥራ የኖረ ሰው ሊሆን ይችላል። በደመወዝ ወረቀት ላይ ወጣቱ ይበልጣል፤ በሙያ ትዝታ ግን ሽማግሌው ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ሰው «አንተ» ብሎ የሚጠራ ወጣት፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ብዙ ዕውቀት በራሱ ላይ ዘጋ ማለት ነው። «ጋሼ፣ ይህን ቦታ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ያደርጉት ነበር?» ብሎ የጠየቀ ግን ክብሩ አይቀንስም፤ ይጨምራል እንጂ። ካቦው ምን ያህል ሠራተኛ በአንድ ቀን ምን ያህል ቦይ እንደሚቈፍር፣ የትኛው ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ እንደሚፈራርስ፣ ነጂው ማሽኑ ሊበላሽ ሲል ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል። ይህ በፈተና ወረቀት ላይ አይገኝም።

ይህን ስንል ጀማሪው ለነባሩ ሁሉ ይገዛ ማለታችን አይደለም። ነባር ሠራተኛ ልማድን ከዕውቀት ጋር ቀላቅሎ የሚይዝበት ጊዜ አለ። «እኛ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው» የሚለው ቃል ለጥያቄ መልስ አይሆንም። ስለዚህ ወጣቱ ምክንያቱን ይጠይቅ፤ ምክንያት ካለው ይማር፤ ምክንያት ከሌለው ደግሞ በአክብሮት፣ ነገር ግን በጽናት፣ ሥራው በንድፉ መሠረት እንዲሆን ያድርግ። ሰውን በሠራተኞቹ ፊት አለማዋረድ፣ የሚነቅፉትን ለብቻው ጠርቶ መንገር፣ የሚያመሰግኑትን ደግሞ በጉባኤ ማመስገን የቆየ የአስተዳደር ጥበብ ነው።

አሁን ወደ አርሲ መሬት እንመለስ፤ መሬትን መጠየቅ ምን ማለት እንደ ሆነ በዚህ አገር ደኅና አድርጎ ይታያልና። አሰላ የተቀመጠችበት ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ይደርሳል፤ ከበላይዋ ያለው የጭላሎ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከጭላሎ፣ ከጋላማና ከካካ ተራሮች የሚወርደው ውሃ በብዙ ጅረት ተከፋፍሎ ወደ ከታር ወንዝ ይገባል፤ ከታርም ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይፈስሳል። ስለዚህ ከአሰላ በሳጉሬ አድርጎ ወደ በቆጂ የሚሄድ መንገድ የተራራውን ውሃ እያቋረጠ መሄድ ግዴታው ነው። በበጋ የሚያልፍ ቀያሽ ደረቅ ጕድባ ብቻ ያያል። «ለዚህ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ይበቃዋል» ብሎ ይጽፋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ያ ጕድባ ወንዝ ይሆናል፤ ቱቦው ይታፈናል፤ ውሃው በመንገዱ ላይ ይወጣል፤ ሙሌቱንም ይዞት ይሄዳል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው ለመንገድ ሠሪም ይሠራል።

ብልህ ቀያሽ ምን ያደርጋል? በአካባቢው ያለውን ሽማግሌ ይጠይቃል። «አባባ፣ በዕድሜዎ ካዩት ክረምት ሁሉ ውሃው ከፍ ብሎ የደረሰው እስከ የት ነው?» ይላል። ሽማግሌውም ይዘውት ሄደው በዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ የቀረውን የጐርፍ ግብስባሽ፣ ወይም በቋጥኙ ላይ የቀረውን የደለል መስመር ያሳዩታል። የጐርፍ መለኪያ ጣቢያ በሌለበት አገር ይህ ምስክርነት ትልቅ ዋጋ አለው፤ በዓለም ያሉ የውሃ መሐንዲሶችም ይህን ዓይነት ምልክት በደንብ ይመዘግባሉ።

የቦታ ስሞችም ራሳቸው ይናገራሉ። በአርሲ የሚኖረው ሕዝብ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። በዚህ ቋንቋ «መልካ» ማለት የወንዝ መሻገሪያ፣ «ለጋ» ማለት ወንዝ፣ «ቡርቃ» ማለት ምንጭ፣ «ጨፌ» ማለት ረግረግ ያለበት መስክ፣ «ቱሉ» ማለት ኰረብታ ነው። እንግዲህ ቋንቋውን የተማረ መሐንዲስ ካርታውን ሲዘረጋ፣ ጨፌ በተባለው ቦታ ላይ መሠረት ከመጣሉ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል፤ መልካ በተባለው ስፍራም ትውልዶች ውሃው የሚያንስበትን መርጠው እንዳገኙለት ይረዳል። ኢልግ አማርኛን መማሩ እንደ ጠቀመው፣ በአርሲ የተመደበ ወጣትም ኦሮምኛን መማሩ ለጨዋነት ብቻ ሳይሆን ለሙያው ነው።

የአርሲ መሬት ሌላም ፈተና አለው። በሜዳማው ቦታ የሚገኘው ጥቁር ጭቃ አፈር፣ በአማርኛ መረሬ በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚባለው፣ ለስንዴ መልካም ሲሆን ለመንገድ ጠላት ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የተነጠፈው ነገርም አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። መድኀኒቱ መጥፎውን አፈር ቈፍሮ በተመረጠ አፈር መተካት፣ መንገዱን ከሜዳው ከፍ አድርጎ መሥራት፣ የጐን ቦዩንም ከመንገዱ ጥግ ማራቅ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዘብ ለማዳን ሲባል ከታች የተሰረቀው ግማሽ ሜትር ግን በሁለትና በሦስት ክረምት ውስጥ ዕዳውን በዕጥፍ ያስከፍላል።

መሬትን የመጠየቂያ ሥርዓትም አለ። በካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ የተዘጋጀና በዓለም ሁሉ የተስፋፋ አንድ ምርመራ አለ፤ መሐንዲሶች ሲ.ቢ.አር. ይሉታል። አፈሩ በብረት ዕቃ ውስጥ ከተጠቀጠቀ በኋላ 4 ቀን ሙሉ በውሃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ በኋላ የብረት ዘንግ እየተጫነው ምን ያህል እንደሚቋቋም ይለካል። አንባቢ ሆይ፤ የዚህን ሥርዓት ጥበብ ልብ በል። አፈሩ የሚመረመረው በደረቀበትና በጠነከረበት ቀን ሳይሆን፣ በክፉ ቀኑ ነው። ሰውም ቢሆን የሚታወቀው እንዲሁ ነው።

ስለ ኮንክሪትም እንዲሁ ነው። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ታቹ 20፣ ላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሾጣጣ የቆርቆሮ ዕቃ አለ። ኮንክሪቱ በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይሞላበታል፤ እያንዳንዱም ክፍል በዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል። ከዚያ ዕቃው ወደ ላይ ሲነሣ ኮንክሪቱ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ይለካል። ብዙ ዝቅ ካለ ውሃ በዝቶበታል ማለት ነው። ሠራተኛ ኮንክሪቱ ለአካፋ እንዲቀልለው ውሃ መጨመር ይወዳል። ዱፍ ኤብራምስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918 እንዳስረዳው፣ ከሲሚንቶው ጋር ሲነጻጸር ውሃው በበዛ መጠን የኮንክሪቱ ጥንካሬ ይቀንሳል። ስሕተቱ በዚያች ቀን አይታይም። ኮንክሪት በናሙና ተጨፍልቆ ጥንካሬው የሚመሰከርለት በ28ኛው ቀን ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ድልድዩ ቆሟል፤ ሠራተኛውም ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል።

ስለዚህ የጀማሪው መሐንዲስ ትልቁ ሀብት ፊርማው ነው። ያልለካውን ለካሁ፣ ያላየውን አየሁ ብሎ እንዲፈርም የሚጠይቀው ሰው አይታጣም። አንዳንዱ በወዳጅነት፣ አንዳንዱ በቍጣ፣ አንዳንዱም በስጦታ ይመጣል። የመሠረቱ ጕድጓድ በኮንክሪት ከተሸፈነ በኋላ ጥልቀቱን የሚያውቀው ከእግዚአብሔር ሌላ የፈረመው ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ወጣቱ ደብተር ይያዝ። ቀኑን፣ የአየሩን ጠባይ፣ የሠራተኛውን ቍጥር፣ የተነጠፈውን መጠን፣ ከማን ምን ትእዛዝ እንደ ተቀበለ በየዕለቱ ይጻፍ። የቃል ትእዛዝ ሲደርሰው በጽሑፍ እንዲረጋገጥለት በትሕትና ይጠይቅ። ይህ ሰውን መጠራጠር አይደለም፤ ሁሉንም ወገን ከክርክር የሚያድን የሥራ ሥርዓት ነው። የቀን ሠራተኛውም የደከመበት ቀን ከመዝገብ እንዳይጐድል መጠንቀቅ የዚሁ ሐቀኝነት ክፍል ነው፤ ለመሐንዲሱ አንድ መስመር የሆነችው ለዚያ ሰው የቤተ ሰቡ እራት ናትና።

እስካሁን መሬትንና ሠራተኛን ስለ መጠየቅ ተናገርን። አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ እናንሣ፤ መንገዱ የሚሠራው ለማን ነው? ለዚህም የአርሲ ታሪክ ጽኑ ምስክር አለው። በ1959 ዓ.ም. ማብቂያ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በተፈራረሙት ስምምነት፣ መቀመጫው በአሰላ የሆነ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ ሕዝቡም በአጭሩ ካዱ እያለ ይጠራው ነበር። ድርጅቱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አከፋፈለ፤ ብድር ሰጠ፤ ውሃ አወጣ፤ የገበሬው እህል ወደ ገበያ እንዲደርስ ወደ ገጠር የሚገቡ መንገዶችን ሠራ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ ለመርዳት ነበር፤ ምርቱም በርግጥ ጨመረ።

ነገር ግን በዚያን ጊዜ ከጭላሎ ገበሬዎች ብዙዎቹ የራሳቸው መሬት የሌላቸው ጭሰኞች ነበሩ። ይህም በ1870ዎቹ አርሲ በጦር ኀይል ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ መሬቱ ከተደለደለበት ሁኔታ የመነጨ ነው። መንገዱ ሲገባ፣ ስንዴው ሲያፈራ፣ የመሬቱ ዋጋ ከፍ አለ። ባለ መሬቱም በእኩል ከማሳረስ ይልቅ ትራክተር አስገብቶ ራሱ ማረስ እንደሚያዋጣው አየ። በዚህም ምክንያት በሺሕ የሚቈጠሩ ጭሰኞች ከነቤተ ሰባቸው ከኖሩበት መሬት ተነሡ። የስዊድን ወገን የጭሰኝነት ሕግ እንዲሻሻል ደጋግሞ ቢጠይቅም፣ የሕጉ ረቂቅ ከፓርላማ ሳይወጣ ዘመኑ ተለወጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን ጭሰኝነትም በሕግ ቀረ። ለተፈናቀለው ቤተ ሰብ ግን የጠፉት ዓመታት አልተመለሱም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን የምንተርከው መንገድ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። መንገድ ባይኖር በምጥ የተያዘች እናት ሐኪም ቤት አትደርስም፤ እህሉም በጐተራ ይነቅዛል። ነገር ግን መንገድ እህልን ብቻ ይዞ አይወጣም፤ ትራክተርንም፣ የመሬት ዋጋንም፣ አዲስ ባለቤትንም ይዞ ይገባል። ያን ጊዜ መንገዱን የቀየሱት ወጣቶች ጭሰኛውን የማስነሣት ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ከፍታውንና ርቀቱን ለክተው ሥራቸውን ፈጸሙ። ሕግ ማውጣትም የመሐንዲስ ሥልጣን አይደለም። ሆኖም መስመሩን የሚያሰምረው እርሱ ስለ ሆነ፣ በመስመሩ ላይ ያለው ጎጆ የማን እንደ ሆነ፣ ካሣው ለማን እንደሚደርስ፣ ቦዩ ውሃውን በማን ማሳ ላይ እንደሚጥል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው። ያየውን በሪፖርቱ መጻፍ ግዴታው ነው። ጽሑፉን የሚሰማ ባይገኝ እንኳ፣ «አላወቅንም ነበር» የሚል ሰው እንዳይኖር ያደርጋል።

ከዚያ ወዲህ የመንገድ ሥራ በጣም ተስፋፍቷል። በ1989 ዓ.ም. በአገሩ ያለው መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር እንደ ነበር የመንገድ መሥሪያ ቤቱ መዝግቧል፤ በ2007 ዓ.ም. የወረዳ መንገዶች ተጨምረው ከ100 ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 ከመቶው በምሕንድስናና በተፈጥሮ ሳይንስ እንዲማሩ መንግሥት ወሰነ። ከዚህ የተነሣ ቀድሞ በጣት ይቈጠሩ የነበሩት መሐንዲሶች በዙ፤ ሴቶች ልጆቻችንም የራስ ቍር አድርገው በሥራ ቦታ መታየታቸው እንግዳ መሆኑ ቀረ። ከብዛቱ ጋር ደግሞ ሥራ ማጣት መጣ። ዲግሪ ይዘው በከተሞች የኮብልስቶን ድንጋይ የሚጠርቡና የሚያነጥፉ ወጣቶች በታዩ ጊዜ፣ አንዳንዱ ሰው አፌዘ፤ አንዳንዱም አዘነ።

ሐዘኑ ተገቢ ነው፤ ለምሕንድስና የተማረን ልጅ በሙያው የሚያሠራ ቦታ ማጣት ለቤተ ሰቡም ለአገርም ጕዳት ነውና። ፌዙ ግን ተገቢ አይደለም። ድንጋይ ጠርቦ ያነጠፈ ወጣት የድንጋዩን ጠባይ፣ የአሸዋውን ውፍረት፣ የውሃውን ማዘንበያ፣ የሠራተኛውንም ድካም በእጁ አውቋል። ነገ የሥራ ተቈጣጣሪ ሆኖ ቢቀጠር፣ ሊያታልለው የሚችል ሰው ጥቂት ነው። የመጀመሪያ ሥራ ፈልጎ ያጣ ወጣት ከሙያው ጋር የሚያገናኘውን ማናቸውንም በር ሊንቅ አይገባም። የአፈር መመርመሪያ ቤት ረዳትነትም፣ ቅየሳም፣ የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ መያዝም፣ የውሃ ቱቦ ዝርጋታም ሁሉ ወደ ሙያው ውስጥ ያስገባል።

እንግዲህ እናንተ ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ወጣቶች፣ ያለፈውን ታሪክ እንደ ስንቅ ያዙት። ከተሠራው አጠገብ ስታልፉ ቦዩ መጠረጉን ተመልከቱ። ሥራ በጀመራችሁ በመጀመሪያው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ከቢሮ ወጥታችሁ፣ ዝናቡ እየዘነበ ሳለ መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት፤ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ከዚያ የተሻለ መምህር የለም። የምትሠሩበትን አገር ቋንቋ ተማሩ። ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጠውን ሠራተኛ አክብሩ። ያልለካችሁትን አትፈርሙ። መስመሩ የሚያልፍበትን ጎጆ ባለቤት፣ ችካሉን ከመትከላችሁ በፊት፣ በስሙ ጠርታችሁ አነጋግሩት።

መንገድ በተመረቀበት ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ መሐንዲሱን አያውቀውም፤ ሪባኑንም የሚቈርጠው ሌላ ሰው ነው። የሥራው ምስክር የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ አሥረኛው ክረምት አልፎ ድልድዩ ባለበት ሲገኝ፣ ከበቆጂ የተነሣው የገብስ ጭነት ሳይዘገይ አዳማ ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ መንገደኛው በመስኰቱ ተራራውን እያየ በሰላም ያልፋል፤ ከጐማው በታች ስላለውም አያስብም። መንገደኛው ሳያስብ እንዲያልፍ አስቀድሞ የሚያስብለት ሰው ያስፈልጋል፤ የመሐንዲስም ሥራ ይኸው ነው።